በሳይክል ወደ ሥራ፦ ከሳይክሉ በፊት መንገዱን ይቀይሩ

ጥያቄ፦ «41 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ሳይክል እነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነክቼው አላውቅም። በቅርቡ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛሁና አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሄድኩበት። ርቀቱ 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ያህል አቀበት የለውም። ሁልጊዜ አውቶቡስ በሚወስደኝ ዋና መንገድ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዤ ነው የነዳሁት። መኪኖቹ እየታከኩኝ ነበር የሚያልፉት። 50 ደቂቃ ፈጅቶብኝ በላብ ተጠምቄ ደረስኩ። ጉልበቴን ሦስት ቀን አመመኝ፤ መቀመጫዬንም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ሳይክሉ በረንዳ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ‹ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ደህና ሳይክል ግዛ› ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ኤሌክትሪኩን ግዛ› አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ እንድተወው ትፈልጋለች። ምን ልግዛ? ወይስ ዕድሜዬ አልፏል?»

ምላሽ፦ ለአሁኑ ሌላ ሳይክል አይግዙ። ዕድሜዎም አላለፈም። ያን ሰኞ የደረሰብዎት አንድ ችግር ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። አራት ችግሮች በአንድ ጠዋት ተደራርበውብዎት ነው። መንገዱ ለጀማሪ የሚሆን አልነበረም። ከነገሩኝ ምልክት ስነሳ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ጎማውም አየር አንሶታል። እርስዎም ከመጀመሪያው ቀን አቅምዎ በላይ ረግጠዋል። አዲስ ሳይክል ከእነዚህ አንዱንም በራሱ አይፈታም። ዝቅ ባለ ኮርቻ ከነዱት ውዱም ሳይክል ጉልበት ያሳምማል።

ከቁጥሩ እንነሳ። 9 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ ማለት በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ጤነኛ ጀማሪ ሳይጨነቅ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል። በዚህ ፍጥነት የእርስዎ መንገድ 36 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደውም በላብ ከተጠመቁ፣ ያወጡት ኃይል ሳይክሉን ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ሌላ ቦታ ባክኗል ማለት ነው። የት እንደባከነ ማወቅ አይከብድም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ጎማውን ነው። የተራራ ብስክሌት ጎማ ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ የተሠራው ለጭቃና ለጠጠር ነው። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ ይጨፈለቃል፣ ተመልሶ ይነሳል። ለዚያ የሚሄደው ኃይል ከእርስዎ እግር ነው የሚወጣው። አየር ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። የሳይክል ጎማ ባይነዳም ቀስ በቀስ አየር ያጣል። ስለዚህ በረንዳ ላይ የከረመ ሳይክል ምንም ባይበሳ እንኳ ጎማው ይላላል። የሚፈቀደው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ በአየር ግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ ወይም በባር ተጽፏል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ ካለው፣ ለአስፋልት ከመካከለኛው ከፍ፣ ከከፍተኛው ዝቅ አድርገው ይሙሉት። በአውራ ጣት ጫን ብሎ መገመት ያሳስታል። መለኪያ ያለው ፓምፕ ይጠቀሙና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይዩት። ወደፊት ገንዘብ ማውጣት ካማረዎት ጥርስ የሌለው የከተማ ጎማ ያስገጥሙ። ያ አንድ ለውጥ የተራራውን ሳይክል ወደ ከተማ ሳይክል በጣም ያቀርበዋል። ከፊት ሞላ ካለው ደግሞ መቆለፊያ እንዳለው ይመልከቱ። አስፋልት ላይ ከቆለፉት በረገጡ ቁጥር አይዋዥቅም።

የጉልበቱን ሕመም ከዕድሜዎ ጋር አያያይዙት። ሳይክሉን ሲገዙ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሁለቱም እግርዎ መሬት እንዲረግጥ አድርገው ያስተካከሉት ይመስለኛል። ጀማሪዎች ይህን የሚያደርጉት መሬት መርገጥ ልብን ስለሚያረጋጋ ነው። ችግሩ ኮርቻው እንደዚያ ሲወርድ ጉልበት በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ በታጠፈበትም ሙሉ ኃይል ይገፋል። ጫናው የሚያርፈው የጉልበት ሎሚ ላይ ነው። ሕመሙ ከጉልበትዎ ፊት ለፊት ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ማስተካከያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግድግዳ ተደግፈው ኮርቻው ላይ ይቀመጡ። አንዱን ፔዳል እስከ ታች ያውርዱና ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ካልቀና ኮርቻውን ከፍ ያድርጉ። ተረከዝዎ እንዲደርስ ዳሌዎ ወደ ጎን ከተንጋደደ ደግሞ ዝቅ ያድርጉት። ሲነዱ የሚረግጡት ግን በተረከዝ አይደለም፤ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል፣ ከጣቶችዎ ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ነው። ያኔ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። ልኩ እሱ ነው። ከፍታው ካስፈራዎት በአንዴ አይጨርሱት፤ በየጊዜው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ኮርቻውን የያዘው ዘንግ ላይ የመጨረሻው ልክ ምልክት አለ። ምልክቱ ከታየ ዘንጉ ከሚፈቀደው በላይ ወጥቷል ማለት ነውና እዚያ ላይ አይንዱ።

«ታዲያ እንዴት ልቆም ነው?» ይሉ ይሆናል። ሲቆሙ ኮርቻው ላይ አይቀመጡም። ፍሬን ይዘው ፍጥነቱ ሊያልቅ ሲል ከኮርቻው ወደፊት ይወርዱና አንድ እግርዎን መሬት ያስረግጣሉ፤ ሌላው ፔዳል ላይ ይቆያል። ሲነሱም እንደዚሁ ነው። አንዱን ፔዳል ወደ ላይና ትንሽ ወደፊት አድርገው ያዘጋጁታል፣ ይረግጡታል፣ ሳይክሉ ሲንቀሳቀስ ይቀመጣሉ። ይህን ባዶ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢለማመዱት ሰውነትዎ ይለምደዋል። በልጅነትዎ የነዱ ሰው ስለሆኑ ሚዛኑን እንደገና መማር አይኖርብዎትም። አዲስ የሚሆንብዎት ይሄ ነው።

ከኮርቻው ቀጥሎ ማርሹ አለ። ብዙ ጀማሪ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያለ በኃይል ይረግጣል፤ ጡንቻ ሲሠራ የሚጠቅም ይመስለዋል። ጉልበትን የሚጎዳው እሱ ነው። ቀላል ማርሽ አስገብተው ቶሎ ቶሎ ያዙሩ። አንዱን ጉልበትዎን እያዩ በ15 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ይቁጠሩ። 17 ወይም 18 ከደረሰ በደቂቃ 70 ዙር ገደማ ነው፤ ለጀማሪ በቂ ነው። አቀበት ሲመጣ ማርሹን ቀድመው ይቀንሱ። መሃል ላይ ኃይል ሰጥተው እየረገጡ ሲቀይሩ ሰንሰለቱ ይንገራገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ይህን ሁሉ አስተካክለው ጉልበትዎ ከሁለት ሳምንት በላይ ካመመዎት ወይም ካበጠ ግን ሐኪም ይየው።

የመቀመጫ ሕመም ሌላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንሽ መኖሩ የተለመደ ነው፤ በየሁለት ቀኑ እየነዱ ሲሄዱ ይጠፋል። ሰፊና እንደ ትራስ የለሰለሰ ኮርቻ ለመግዛት አይቸኩሉ። ክብደትዎን መሸከም ያለባቸው ከመቀመጫዎ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። ኮርቻው በጣም ሲለሰልስ አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፤ ጫናው በመካከላቸው ባለው ሥጋና ነርቭ ላይ ያርፋል። ለአጭር መንገድ ይመቻል፣ ለ9 ኪሎ ሜትር ግን ይብሳል። ኮርቻው መሬት ላይ እንደተዘረጋ ጣውላ አግድም መሆኑን ያረጋግጡ። ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ፔዳሎቹን አግድም አድርገው ትንሽ ከፍ ይበሉ። መደንዘዝ ከመጣ ግን «ይለመዳል» ብለው አይቻሉት። የኮርቻውን ፊተኛ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ያድርጉ። ካልተሻለ ያኔ ኮርቻ መቀየር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሥራ በሳይክል መሄድ ጀምረው የተዉ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያነሱት መንገዱን ነው። እርስዎ የመረጡት መንገድ አውቶቡሱ የሚሄድበትን ነው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው የሚያውቀው መንገድ እሱን ብቻ ስለሆነ። ግን ያ መንገድ የተመረጠው ብዙ ተሳፋሪ ለማንሳት ነው። ስለዚህ ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። ለሳይክል የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሱ ጎን ለጎን በሰፈር ውስጥ የሚያልፈው ነው።

ካርታ ይክፈቱና ከቤትዎ እስከ መሥሪያ ቤትዎ የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን ይፈልጉ። ርቀቱን ሳይሆን አስቸጋሪ መስቀለኛ መንገዶችን ይቁጠሩ። 11 ኪሎ ሜትር ሆኖ አንድ ከባድ መስቀለኛ ያለው መንገድ፣ 9 ኪሎ ሜትር ሆኖ አምስት ካለው ይሻላል። ሁለት ኪሎ ሜትር መጨመር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስምንት ደቂቃ ነው። ስምንት ደቂቃ ለመረጋጋት የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው። የሳይክል መስመር ካለ ይጠቀሙበት፤ ግን መስመሩ በድንገት የት እንደሚያልቅ አስቀድመው ይወቁ። ብዙ መስመር የሚያልቀው እርዳታ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ መስቀለኛው ላይ ነው። ካርታ ደግሞ ሁሉን አይነግርም። የፈራረሰ ኮረኮንች፣ መንገድ ላይ የሚቆሙ መኪኖች፣ ጠዋት በተማሪ የሚጥለቀለቅ መንገድ ካርታ ላይ አይታይም። ስለዚህ በዕረፍት ቀን በማለዳ ሄደው ይዩት። ሰዓትም ይያዙ። በኋላ በሥራ ቀን በሚሄዱበት ሰዓት አንድ ጊዜ በእግር ወይም በአውቶቡስ አስቸጋሪውን ክፍል ይቃኙት።

የማይቀር አስፈሪ መስቀለኛ ካለ ይውረዱና ሳይክሉን እየገፉ በእግረኛ ማቋረጫ ይሻገሩ። ማንም አይስቅብዎትም፤ ቢስቅም ግድ የለም። ሁለት ደቂቃ ነው። ለዓመታት የነዱ ሰዎችም መንገዱ ሲከፋ ይህን ያደርጋሉ።

መኪኖቹ እየታከኩዎት ያለፉት የመንገዱን ጠርዝ ስለያዙ ነው። ይህን የሚያምን ጀማሪ ጥቂት ነው፤ ጠርዝ መያዝ የጥንቃቄ ሁሉ መጀመሪያ ይመስላል። ነገሩን በሾፌሩ ዓይን ይዩት። እርስዎ ጠርዙ ላይ ሲጣበቁ በዚያው መስመር ውስጥ ተጠጋግቶ ማለፍ የሚቻል ይመስለዋል። ስለዚህ ፍጥነት ሳይቀንስ፣ መሪውን ሳያዞር ያልፋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብለው ከነዱ ግን ለማለፍ ወደ ጎን መውጣት እንዳለበት ከሩቅ ያያል። ጠርዙ ደግሞ ጉድጓድ፣ የተሰባበረ ጠርሙስና የቱቦ ክዳን የሚጠራቀምበት ነው። ከዚያ ለመሸሽ ድንገት ሲዞሩ ከኋላ ያለው መኪና አይጠብቅዎትም። አንድ ሜትር መግባት የሚያመልጡበትን ቦታም ይሰጥዎታል።

መንገድ ዳር መኪኖች ከቆሙ ልኩ ከመኪኖቹ ነው የሚወሰደው፤ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ከተቻለ አንድ ሜትር ተኩል። በር ድንገት ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። በቆሙ መኪኖች መካከል ክፍተት ሲያገኙ ገባ ወጣ አይበሉ፤ በሚወጡበት ቅጽበት ከኋላ ያለው ሾፌር አዲስ ሰው ነው የሚያየው። ቀጥ ያለ መስመር ይያዙ። መንገዱ በጣም ጠባብ ሆኖ መኪና ተጠግቶ ሊያልፍዎት የማይገባበት ቦታ ላይ፣ የአገርዎ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ወደ ኋላ አይተው መሃሉን ይያዙ። ሰፋ ሲል ይልቀቁት። የትራፊክ ደንብ ከአገር አገር ይለያል፤ የሳይክል ክፍሉን ከመውጣትዎ በፊት ያንብቡት።

የከባድ መኪናውን ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ሕይወት ያስከፍላልና። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ወይም ቀስ ያለ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ካለ፣ በእሱና በመንገዱ ጠርዝ መካከል በፍጹም አይግቡ። ክፍት ቦታ ቢኖርም፣ ቢቸኩሉም፣ የሳይክል መስመር ተሥሎ ቢያዩም። ሾፌሩ እዚያ ቦታ ላይ አያይዎትም። መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። ከኋላው ሆነው ይጠብቁ። የሾፌሩን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ካላዩት እሱም እርስዎን አያይም ብለው ይውሰዱት።

የባለቤትዎን ፍርሃት አያቃልሉት። በዚያ መንገድ፣ በዚያ አነዳድ እሳቸው ትክክል ናቸው። «ሄልሜት አደርጋለሁ» የሚለው ብቻውን መልስ አይሆናቸውም። ሄልሜት ሲወድቁ ጭንቅላትን ይከላከላል፤ ያድርጉት። ከቅንድብዎ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍት ትቶ አግድም መቀመጥ አለበት፤ ማሰሪያው ሥርም አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ክፉኛ ከተመታ የተሰነጠቀ ባይመስልም ይጣል። ግን መጥፎ መንገድን ጥሩ አያደርግም። የበለጠ የሚጠቅመው መንገዱን መለወጡና መታየቱ ነው። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ይኑርዎት፤ ሲደበዝዝና ሲጨልም የግድ ነው፣ ቀን ቢበራም ይጠቅማል። ጆሮዎን አይድፈኑ፤ ከኋላ የሚመጣውን መጀመሪያ የሚነግርዎት ጆሮዎ ነው። አዲሱን መንገድ ካገኙ በኋላ ባለቤትዎን በዕረፍት ቀን ይውሰዷቸውና ያሳዩአቸው። ብዙ ከመከራከር ያ ይሻላል።

ያገለገለ ሳይክል ስለሆነ አንድ ጊዜ ሠሪ ዘንድ ይውሰዱት። ፍሬኑን፣ የፍሬን ሽቦውን፣ የሰንሰለቱን መለጠጥና የመሪውን ብሎኖች ይይልዎት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ አየር፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለውን ሰምተው የኋላውን ብቻ ይዘው ከሆነ ይተዉት። ሳይክል ሲቆም ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማ ይቀልልና በቀላሉ ይንሸራተታል። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቁ ይያዙ፤ ድንገት ቁልቁል ላይ መያዝ ካለብዎት ሰውነትዎን ወደ ኋላ ይግፉ። ፍሬኑ የጎማውን ብረት ቀለበት የሚነክስ ዓይነት ከሆነ በዝናብ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሲዘንብ ከወትሮው ቀድመው ይያዙ። እርጥብ የቱቦ ክዳንና መንገድ ላይ የተቀባ መስመር ያንሸራትታሉ፤ በላያቸው ላይ አይታጠፉ፣ ፍሬንም አይያዙ። የባቡር ሐዲድ ካለ በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው ያቋርጡት። የመጀመሪያውን ወር ግን በዝናብ ባይነዱ እመርጣለሁ። ሲዘንብ አውቶቡስ ይያዙ፤ ሽንፈት አይደለም።

ስለ ላብ። ሳይክል የግድ ላብ አይደለም፤ ላብ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ፍጥነትዎን በእጥፍ ሲጨምሩ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ የሚከፈለው ብዙ ነው ማለት ነው። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያስችል ፍጥነት ይያዙ። ሲነሱ ትንሽ ይብረድዎት፤ ቤት በር ላይ የሚመች ልብስ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይሞቃል። የጀርባ ቦርሳ ጀርባን ያፍናል። ከኋላ ዕቃ መጫኛ አስገጥመው ቦርሳውን እዚያ ይሰሩ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከሁሉም ቀስ ብለው ይንዱ። ሲደርሱ ወዲያው ሸሚዝ አይቀይሩ፤ ሰውነት ከቆመ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ያልባል፣ አዲሱንም ያረጥበዋል። አሥር ደቂቃ ይቀመጡ፣ በእርጥብ ፎጣ ይጥረጉ፣ ከዚያ ይቀይሩ። ሸሚዝና ፎጣ መሥሪያ ቤት ቢያስቀምጡ ጠዋት የሚሸከሙት ይቀንሳል። የሱሪዎን እግር በሰንሰለቱ በኩል ማሰር አይርሱ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ባልደረባዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አቀበት ለሚበዛበት፣ መንገዱ ለአንድ ጉዞ ከ12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ፣ ጉልበቱ ወይም ልቡ ድካም ለማይችል ሰው በጣም ጥሩ ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ሳይክል የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቆመው ነው። ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ሞተር ሳይክል ሊቆጠር ይችላል፤ ሲገዙ የአገርዎን ደንብ ይጠይቁ። ግን የእርስዎ መንገድ 9 ኪሎ ሜትርና ደልዳላ ነው። ሞተሩ ላብዎን ይቀንሳል። መኪኖቹን አያርቅልዎትም፤ እንዲያውም ያልተለማመደ ሰው በዚያው አስፈሪ መንገድ ላይ በፍጥነት እንዲሄድ ያደርገዋል። ሳይክሉ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ደረጃ ላይ ይዞ መውጣትም ቀላል አይደለም። ስድስት ሳምንት በያዙት ሳይክል ይንዱ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ወደውት አቀበቱ ወይም ጊዜው ብቻ ካስቸገረዎት፣ ያኔ ለምን እንደሚገዙ አውቀው ይገዛሉ።

ዕድሜዎን ለመጨረሻ ጊዜ ላንሳው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። እርስዎ በሳምንት ሁለት ቀን ደርሶ መልስ ቢነዱ ወደ 150 ደቂቃ ይጠጋሉ፤ ሦስት ቀን ከነዱ ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በብሪታንያ ከ260,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ወደ ሥራ በሳይክል የሚሄዱት በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ሁሉ የሳይክሉ ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ በሳይክል የሚሄድ ሰው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላል። ሆኖም 41 ዓመት ለመተው ምክንያት አይሆንም። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። እየነዱ ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ይውረዱ፤ የዚያን ቀን መንዳቱ አብቅቷል፣ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ሐኪም ነው።

እንዲህ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ወደ ሥራ አይሂዱ። መኪና የሌለበት ሜዳ ይፈልጉና ሦስት ነገር ይለማመዱ፦ መስመርዎን ሳይለቁ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት፣ በአንድ እጅ እየነዱ የመታጠፊያ ምልክት መስጠት፣ ድንገት መቆም። ከሁሉ የሚከብደው ወደ ኋላ ማየቱ ነው፤ ጭንቅላት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ መሪውን ይስባል። ካልቻሉት ዋና መንገድ ላይ አይውጡ። በሁለተኛው ሳምንት በዕረፍት ቀን አዲሱን መንገድ እስከ መሥሪያ ቤትዎ በር ድረስ ነድተው ይመለሱ። ሳይክሉን የት እንደሚያስሩም ያኔ ያጣሩ። የሚታሰረው ጎማው ብቻ ሳይሆን ፍሬሙ ነው፣ ከማይነቀል ብረት ጋር። በሦስተኛው ሳምንት በሥራ ቀን አንድ ጊዜ ይሂዱ። ሰኞ አይሁን፤ ሥራ የሚቀልልዎትን ቀን ይምረጡና ካሰቡት 20 ደቂቃ ቀድመው ይውጡ። መሥሪያ ቤቱ ሳይክል የሚያድርበት አስተማማኝ ቦታ ካለው፣ ማታ ከደከመዎት እዚያው ትተውት በአውቶቡስ ይመለሱ፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ሄደው በሳይክል ይመጣሉ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። በየቀኑ ለመሄድ የቆረጡ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚተዉት ሰውነታቸው ሳይላመድ ስለሚታክታቸው ነው። ትርፍ ካላማዳሪና ትንሽ ፓምፕ ይያዙ፤ ቤትዎ ተቀምጠው አንድ ጊዜ ጎማ አውልቀው መልሰው ይግጠሙ። መንገድ ላይ ሲበሳ መማር ከባድ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ይወስኑ። ጉልበቱና ላቡ ያኔ ይስተካከላሉ ብዬ እገምታለሁ። የቀረው ነገር አንድ አስፈሪ የመንገድ ክፍል ከሆነና ሌላ መንገድ ፈልገው ካጡ፣ በግድ አይለማመዱት። የደህናውን መንገድ ያህል ብቻ በሳይክል ሄደው፣ ሳይክሉን በሚጠበቅ ቦታ አስረው፣ የቀረውን በአውቶቡስ ይጨርሱት። 5 ኪሎ ሜትር በሳይክል፣ 4 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስም ወደ ሥራ በሳይክል መሄድ ነው።